ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቢላዋ

እናቴ ቢላዋ የምታውስ እንጂ የምትዋስ ሴት አልነበረችም። በእኛ ሰፈር፣ ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ባለው መንደር፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲዳር፣ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ ጎረቤት መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኛ ደጅ ነበር። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ ከብቱም ብዙ አልነበረንም፣ መሬቱም ሰፊ አልነበረም። ያለን ጓሮው ነው። ከቤቱ ጀርባ እስከ ቦዩ ድረስ የተዘረጋው የእንሰት ጓሮ የአዬ የእጅ ሥራ ነበር። አዬ የምላት እናቴን ነው፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት።

እንሰት የማያውቅ አንባቢ አይጠፋምና አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ለመብል የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ዘንድሮ የሚበላው፣ ከርሞ የሚበላው፣ ደግሞም እናት የተከለችው ልጅ የሚበላው ጎን ለጎን ቆሞ ይታያል። ሥሩና ግንዱ ቆጮና ቡላ ነው፣ ቅጠሉ መጠቅለያ ነው፣ ምንጣፍ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ነው። ጓሮው የተበላሸበት ሰው የዘንድሮን ምግብ ብቻ ሳይሆን ገና ያልመጡትን ዓመታት ነው የሚያጣው። ይህን ሳላውቅ ያደግሁበት ቀን የለም።

አዲሱን ችግኝ ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከኦሞ ማዶ ቡና በበቅሎ እያመላለሰ ሶዶ ገበያ ላይ ለስልጤ ነጋዴዎች ያስረክብ ነበር። መንገድ የለመደ ሰው ባዶ እጁን ቤት መግባት አያውቅበትም። አንድ ጊዜ ዝንጀሮ ይዞ መጥቶ አዬ ከነገመዱ አባርራዋለች። በዚያን የካቲት ግን የበቅሎዎቹ ጀርባ በሙሉ የእንሰት ችግኝ ነበር፤ ቀላ ያለ፣ የሰው ጭን የሚያክል፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነገር። እኔም ጎምጅቻለሁ፤ አልዋሽም።

“ይሄ በሦስተኛው ዓመት ይደርሳል” አለ ወንድሜ፣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ። “አንዱ እግር የሁለቱን ያህል ቆጮ ይሰጣል። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ነው የሚተክለው። አዬ፣ ያንቺን አሮጌዎች ነቅለን በዚህ ክረምት ጓሮውን አዲስ ነው የምናደርገው! የተረፈውን ለጎረቤት እናድላለን።”

አዬ ዝም ብላ ችግኙን ታገላብጥ ነበር። ዝም ስትል ልቧ እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ዝም የሚባለው ነገር አልተሰጠኝም።

“አዲስ በቅሎ ስትገዛ” አልኩት፣ “መጀመሪያውኑ ሙሉ ጭነት ጭነህ በገደል አፋፍ ላይ ትነዳዋለህ?”

“ምን አገናኘው?”

“መልስልኝ።”

“አልነዳም። ሜዳ ላይ ባዶውን አየዋለሁ።”

“እንግዲያው ለአዬ ጓሮም ሜዳ ፈልግለት።”

ያን ጊዜ ዱቦ ሚስዮን ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ወደ ቤት እመለሳለሁ። በክሊኒኩ ጀርባ ለብቻው የቆመ አንድ ክፍል ነበር፤ በሽታቸው ምን እንደሆነ ገና ያልታወቀ ሰዎች የሚተኙበት። እዚያ የሚሠራበት መቀስ፣ ሳህንና ባልዲ ሁሉ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። የበላያችን የነበረችው ሲስተር አማርኛዋ ብዙ አልነበረም፤ ያንን ክፍል በተመለከተ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አጥርታ ታውቅ ነበር። “ቀይ ያለበት ዕቃ ከዚህ አይወጣም።” ጠዋት ትለዋለች፣ ማታ ትለዋለች፣ ስንስቅ ደግሞ ጮክ ብላ ትደግመዋለች። እኔ እንግዲህ የክሊኒኩን ሕግ ወደ አዬ ጓሮ ላምጣ አልኩ።

“ለእንሰት ሆስፒታል ልትከፍቺ ነው?” አለ ወንድሜ። “መርፌም ትወጊዋለሽ?”

አዬ ሳቀች፤ ግን ለእኔ ፈረደች። ከቦዩ ማዶ፣ ውኃው ወደ ጓሮው በማይመለስበት በታችኛው በኩል፣ ባዶ ቁራጭ መሬት ነበረን። እዚያ ላይ አዲሶቹን ችግኞች እንትከል፣ ዓመት እንያቸው፣ ደህና ከሆኑ ወደ ትልቁ ጓሮ ይገባሉ ተባለ። ወንድሜ እያጉረመረመም ቢሆን ዙሪያውን በእሾህ አጠረው። ለዚያ መሬት ብቻ የሚሆን መቆፈሪያና ቢላዋ ከሶዶ ገበያ አስመጣሁ፤ ሁለቱም እጀታ ላይ ከክሊኒክ ያመጣሁትን ቀይ ጨርቅ ጠምጥሜ አሰርኩ። ቢላዋው ከአጥሩ በስተ ውስጥ ባለ ግንድ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ አይወጣም።

ግን አዲሶቹን ብቻቸውን ተክሎ ማየት በቂ አልመሰለኝም። በክሊኒኩ እንዳየሁት በሽታ ብቻውን ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚታወቀው ሌላ ሰው አጠገቡ ሲተኛ ነው። ስለዚህ አዬን ከየዓይነቱ አንዳንድ ችግኝ ስጪኝ አልኳት። ማዚያ፣ ጎዳሪያ፣ ሌሎችም እሷ ብቻ በስም የምትለያቸው። ልጆቿን ለባዕድ የምትሰጥ ይመስል ተቆጣች። በስተኋላ ግን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ቆፍራ አወጣችልኝ። ከአዲሶቹ ጋር እያሰባጠርን ተከልናቸው። በቀይ ጨርቁ ቢላዋም ሁሉንም እንደ ወትሮው፣ እየቀላቀልን፣ ቅጠላቸውን ቆረጥን። ሲያልቅ ከቦዩ ማዶ ያለችው ቁራጭ የትልቁ ጓሮ ትንሽ ግልባጭ ሆነች። ትልቁ ጓሮ ላይ ሊደርስ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ እዚያች ላይ ይታያል።

ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ኩራቱ ክረምቱን አልዘለቀም።

ሐምሌ ላይ አዲሶቹ የአሮጌዎቹን እጥፍ ሆነው ነበር። ወንድሜ ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር እጄን ይዞ ወስዶ ያሳየኛል። “በሽተኞችሽ እንዴት ናቸው?” ይለኛል። ጎረቤቶችም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያስገቡ ያደንቃሉ፣ መቼ ነው ለእኛ የምትሰጡን ይላሉ። ይበልጥ የምትጠይቀው የአዬ ጓደኛ ነበረች፤ አጥራችን የሚገናኝ፣ ከአዬ ጋር በአንድ ዓመት የተዳረች ሴት። አብረው እንሰት ይፍቃሉ፣ አብረው ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ ሲጣሉም አብረው ነው የሚጣሉት። ባሏ ታሞ ቤት ከዋለ ቆይቷል። እሷንም የያዛት ጓሮዋ ብቻ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአዲሶቹ የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆነ። አንድ ቅጠል ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ቅጠሉ ከአንገቱ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ቢጫ ጀምሯል። ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ መሬቱ ጠግቦ ውኃ እየተፋ፣ እነሱ እንደ ተጠማ ይጠወልጋሉ። ጠጋ ስል የሚሸት ነገር አለ፤ ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ሽታ አይደለም፣ እሱን እወደዋለሁ። ይህኛው በክሊኒኩ የኋላ ክፍል አልፎ አልፎ የማውቀው ዓይነት ነበር። ለማንም ሳልናገር የአጥሩን በር ዘጋሁ።

መስከረም ሲገባ የአዬ ማዚያ ተራው ደረሰ። ከዚያ ጎዳሪያው። አንድ በአንድ፣ በተከልንበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ቢላዋው በነካበት ቅደም ተከተል። ይህን ያየሁት እኔ ሳልሆን አዬ ናት። ቅጠል ስትቆርጥ ከየት ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ እጇ ያውቀዋል። አጥሩ መሃል ቆማ በእጇ አየሩን እየቆረጠች ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፣ ከዚያ እጇን ወደ ጉያዋ መለሰች።

“ቢላዋው ነው” አለች።

ዞር ብላ ከቦዩ ወዲያ ያለውን ትልቁን ጓሮ አየች። አረንጓዴ ነበር፣ ጨለማ እስኪመስል ድረስ አረንጓዴ። እኔም አየሁት። ለጊፋታ በየቤቱ ሲዘፈን፣ እኛ ከቦዩ ማዶ ቆመን ገና ያልደረሰብንን ነገር አስቀድመን እያየን ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በኋላ አላውቅም፤ በሽታው ቤትህ ሳይገባ ፊቱን ታየዋለህ፣ የሚያግደውም አንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነው።

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። “ነቅለን እናቃጥለው” አለ። እኔም የፈለግሁት እሱን ነው። አዬ ግን ዝናቡ ያብቃ፣ እርጥብ አይቃጠልም፣ ጭሱም ሰው ይጠራል አለች። ሰው እንዲያውቅ አልፈለገችም። እናንተ የጸሎት ቤት ሰዎች ናችሁ፣ የጥንቱን እምነት ትታችኋል ትሉ ይሆናል። ትተናል። ነገር ግን ጓሮ ሲጠወልግ በእኛ አገር ማንም መጀመሪያ ስለ ቢላዋ አያስብም። ጎሜ ነው ይላሉ። ሰው ነውር ሲሠራ፣ ማድረግ የማይገባውን ሲያደርግ የሚከተለው ዳፋ ማለት ነው። የማን ነውር እንደሆነ ደግሞ ጎረቤት ይፈርዳል። አዬ ባል የሌላት ሴት ናት፤ ያንን ፍርድ ፈራች። ስለዚህ ዝም ተባለ፣ በሩ በእሾህ ተደፈነ፣ ኅዳር ላይ ፀሐይ ሲወጣ ይነቀላል ተብሎ ተቀጠረ።

ኅዳር ገባ። ወንድሜ ከመንቀሉ በፊት የበሽታውን ሆድ ልይ ብሎ ሁለት እንሰቶች በቢላዋው ሰንጥቆ አያቸው። ውስጡ ቢጫ ልጋግ ነበር አለኝ በኋላ፣ ሲነካው የሚሳብ። ቢላዋውን ሳይጠርግ መስቀያው ግንድ ላይ ሰቅሎ ሊነቅል መቆፈሪያውን አነሳ። ያኔ ነው ከአጥሩ ማዶ ጩኸት የተሰማው። የአዬ ጓደኛ ባል ሞተ።

እኔ አልነበርኩም። የሆነውን አዬና ወንድሜ ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃላቸው አልተለያየም። ጩኸቱ እንደተሰማ ወንድሜ መቆፈሪያውን ጥሎ ሮጠ፤ መቃብር የሚቆፍሩት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ለሚመጣው ለቀስተኛ ቅጠል መቁረጥ ጀመሩ። በእኛ አገር ለለቅሶ ቤት ቅጠሉ ከአንድ ጓሮ አይቆረጥም፤ የአንድ ሰው ጓሮ እንዳይራቆት ሴቶቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ከየጓሮው ጥቂት ጥቂት ይቆርጣሉ። ጥሩ ልማድ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። የአዬ ሁለት ቢላዎች ወዲያው ተወሰዱ። የእኛን ጓሮም በእነዚያው በራሷ ቢላዎች ራሷ ቆርጣ ሰጠች። ከዚያ ሦስተኛ ሰው መጣች፣ የሟቹ የእህት ልጅ፣ እያለቀሰች። ከቦዩ ማዶ፣ በተከፈተው በር ውስጥ፣ ቢላዋው ፀሐይ እያበራበት ተሰቅሎ ይታያል።

“እሱን ስጡኝ” አለች።

አዬ ምን ማለት ነበረባት? የለኝም እንዳትል ይታያል። አይሆንም ማለት ለለቅሶ ቤት የማይባል ነገር ነው፤ ያውም ለዚያች ቤት። በሽታ አለበት እንዳትል ደግሞ ሦስት ወር የደበቀችውን በዚያ ሰዓት፣ ሬሳ ሳይወጣ ልትነግር ነው። ይበልጥ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ያ ቢላዋ በሰፈሩ ሁሉ የተሻለው ነበር። ሥራ ስለማይበዛበትና እኔ በየቅዳሜው ስለምስለው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ለለቅሶ ደግሞ የሚሰጠው የተሻለው ነው። አዬ ሄዳ አወረደችው። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ለለቅሶ ቤት ቀይ ነገር መስደድ ነውር መስሏት ጨርቁን ፈታች። ከዚያ ሰጠች።

እኔ ወሬው ዱቦ ደርሶኝ በማግስቱ ስመጣ ግቢው በሰው ሞልቷል። ቀብሩ አልፎ ሰው በተነጠፈው ቅጠል ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ገና ያልጠወለገ፣ ከየጓሮው የመጣ። ሀዘንተኛዋን አቅፌ አልቅሼ ሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። የእህት ልጅየዋ አዲስ ለመጡት ቅጠል ልትጨምር ከአጥሩ ዳር ትቆርጣለች። እጇን ዝም ብዬ አይ ነበር። የያዘችው ቢላዋ እጀታ ላይ ከላይም ከታችም እንጨቱ ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ ግን ጨርቅ ለወራት የሸፈነው ነጣ ያለ ቀለበት አለ።

አንዳንድ ጊዜ ሰውነት ከሐሳብ ይቀድማል። ተነስቼ ነበር። “ይሄን ከየት አመጣሽው?” አልኳት፤ ድምፄ ለለቅሶ የሚሆን አልነበረም።

“ከእናንተ ቤት።”

“በዚህ የት የት ቆረጣችሁ?”

ልጅቷ ግራ ገብቷት ክንዷን ዙሪያውን ዘረጋች። ዙሪያውን ማለቷ ነበር። ከዚያ ጓሮ፣ ከዚያኛው፣ ከወዲያኛው፣ ደግሞ ከዚህ። የሀዘንተኛዋን ጓሮ ስታሳየኝ ከሁሉ አብልጠው ከዚያ እንደቆረጡ አየሁ፤ ትንንሾቹ ሳይቀሩ ተነክተዋል።

ቢላዋውን ከእጇ ወሰድኩት። ልጅቷ አልለቀቀችም፤ ፈልቅቄ ወሰድኩት። አዬ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደ እኔ መጣች፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

“መልሺላቸው” አለችኝ ቀስ ብላ።

“አዬ፣ ታውቂያለሽ።”

“መልሺላቸው ልጄ። ሰው እያየን ነው።”

አልመለስኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቢላዋውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከለቅሶ ቤት ወጣሁ። ከኋላዬ የሀዘንተኛዋን ድምፅ ሰማሁት፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። “ለባሌ የተሰጠ ቢላዋ ነው እኮ የተነጠቀው” ነው ያለችው፣ ለራሷ እንደምትነግር። ንዴቴ ያን ጊዜ ሁሉን አስረድቼ እጨርሳለሁ የሚያስብል ነበር። ወጣትነት ደግ ነገር ነው፤ ወጣት ያስረዳው ሰው ሁሉ የሚገባው ይመስለዋል።

አስረዳሁ። ከሦስቱ ቀን ለቅሶ በኋላ ከቤት ቤት እየዞርኩ አስረዳሁ። በዚያ ቢላዋ የተነካውን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ያልተነካውን በሌላ ቢላዋ ጠብቁ፣ ስለቱን በእሳት አሳልፉ እያልኩ። ደህና ጓሮ ነቅለሽ አቃጥዪ የሚባል ሴት ምን ትላለች? ቅጠሎቻቸው ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። አንዷ በትህትና ሸኘችኝ፣ አንዷ ከደጅ መለሰችኝ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂ፤ ስለ ቢላዋው በኋላ ታወሪያለሽ” አሉኝ። ጠየቅሁም። የአዬ ጓደኛ ይቅርታዬን ተቀበለችኝ፤ ስለ ጓሮዋ ግን ቃል አልሰማ አለች። ከቦዩ ማዶ ያለውን ነቅለን ስናቃጥል ጭሱ ለቀናት ሰፈሩ ላይ ተኛ። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀንም። አለመጠየቃቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ከዚያ ጠበቅን። ሌላ የሚሠራ አልነበረም። በየቅዳሜው ከዱቦ ስመለስ ዳሞት ተራራን ዞሬ ወደ ሰፈራችን ስወርድ ዓይኔ የሰው ፊት ሳይሆን በየአጥሩ የመሃል ቅጠል ይፈልጋል። ገና በበጋው የመጀመሪያውን ቢጫ አየሁ፤ በሀዘንተኛዋ ጓሮ። ከዚያ በእህት ልጅየዋ ቤት። ከዚያ ልጅቷ ክንዷን የዘረጋችበትን ሁሉ እየተከተለ ሄደ። የት እንደሚወጣ አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ቀድሞ ማወቁ ለማንም አልጠቀመም። የጓሮ ሞት ድምፅ የለውም። ጠዋት ቅጠሉ ተሰብሮ ታገኘዋለህ፣ ያ ነው።

የእኛ ጓሮ ግን ቆመ። የተቆረጠው በአዬ የራሷ ቢላዎች ነበርና ምንም አልነካውም። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲረግፍ እሱ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሰው ሁሉ አየው፤ የገባውም እንደዚህ ነው። ቢላዋውን ከለቅሶ ቤት ነጥቀው ወሰዱ፣ ጎሜው ሰፈሩ ላይ ወረደ፣ የነጠቁት ግን ጠግበው ያድራሉ። ከማዋሳችን በፊት የነበረውን ማንም አያውቅም፤ ያዩት ስነጥቅ ነው። እኔ ቢላዋው በመሰጠቱ ነው እላለሁ፣ እነሱ በመወሰዱ ነው ይላሉ። ለቅሶው አንድ፣ ቢላዋው አንድ። ምን ብዬ ልከራከር?

ከዚያ በኋላ ከእኛ ቤት ቢላዋ የሚዋስ ጠፋ። አዬ ቆጮ ጠቅልላ በየቤቱ ትልክ ነበር፤ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። ጓደኛዋ በቆሎና ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ እየተከለች፣ ልጆቿን ወደ ሁምቦ ዘመድ ጋ እየላከች ኖረች። ከአዬ ጋር በጸሎት ቤት ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አብረው አይፍቁም፣ የሚፋቅም የለም። አዬ አንድ ጊዜ እንኳን በእኔ ላይ አልፈረደችም፣ ራሷንም አልወቀሰችም። ግን ማታ ማታ ጓሮው መሃል ገብታ ያን ሁሉ አረንጓዴ ስታይ እንደ ጥፋት ነበር የምታየው። ወንድሜ ከኦሞ ማዶ ንግዱን ትቶ ሶዶ ገብቶ ቀረ። ስንገናኝ፣ “ሙከራሽ ተሳክቶልሻል፤ ምን እንደሚያደርግ በደንብ አየን” ይለኛል። አይስቅም።

አዬ የሞተችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ በክረምት መግቢያ፣ አጭር በሆነ ሕመም። በማለዳ ጮኽን። ጩኸታችን ወጥቶ ሲያበቃ የሚመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም። እናቴን እኔና ወንድሜ ብቻ የምንቀብራት መሰለኝ፤ ለሰው ሁሉ ቢላዋ ያዋሰች ሴት። ያን ሰዓት የትኛውም ጓሮ፣ የትኛውም ረሃብ አልታሰበኝም።

ከዚያ መጡ። ዘግይተው፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ መንገዱን ሞልተው ቆሙ። ከፊት የአዬ ጓደኛ ናት፣ ፀጉሯ ነጥቷል። በቀኝ እጇ ቢላዋ ይዛለች። ለለቀስተኛው ቅጠል ያስፈልጋል፤ በሰፈሩ ቅጠል ያለው ደግሞ አንድ ጓሮ ብቻ ነው።

ያ ቢላዋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በጠወለገ ጓሮ ውስጥ የኖረ፣ የሞቱትን እንሰቶች ሲከረክም የከረመ ቢላዋ ነው። አፌን ከፈትኩ። “መጀመሪያ በእሳት አሳልፊው” ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ሁለት ሦስት ቃል። እሷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከኋላዋ ያሉትም ያዩኛል፣ ይህች ልጅ ዛሬም በለቅሶ ቢላዋ ትመልስ እንደሆነ። አንዲት ቃል ከወጣችኝ መንገዱ ባዶ እንደሚሆን ከፊታቸው አነበብኩ። እናቴ ውስጥ ተኝታለች።

አዬ ያን ቀን በተከፈተው በር ላይ ቆማ ምን እንደተሰማት ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት አልገባኝም ነበር።

“ግቡ” አልኩ። በሩን ራሴ ከፍቼ ያዝኩላቸው።

የአዬ ጓደኛ ቀጥ ብላ ወደ ጓሮው ገብታ ከማዚያው ጀመረች። ቅጠሉ ሲወድቅ እየሰማሁ ቆምኩ። ከአንዱ ወደ አንዱ፣ አዬ ትሄድበት በነበረው መንገድ ነበር የምትሄደው፤ አብረው ነው የለመዱት። ግቢውን በሙሉ አነጠፈችላት። በክብር፣ በብዙ ሰው፣ በብዙ ለቅሶ ቀበርናት።

ሲያልቅ የአዬ ጓደኛ ወደ ምድጃችን ሄደች። ቢላዋውን እሳቱ ውስጥ ከትታ አገላበጠችው፣ ስለቱ እስኪቀላ ጠበቀች። ያን ጊዜ ከቤት ቤት ስዞር የነገርኳቸውን ሰምታ ኖሯል። ከዚያ በውኃ አበረደችው፣ በቅጠል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘች። ስትገባ ያላደረገችውን ስትወጣ አደረገችው፤ የምትጠነቀቀው ከእኛ ነበር። በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሄደች።

መስከረም ላይ የማዚያው የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆነ።